ቦራን የመረጥንበት ቅዳሜ

ባለፈው ሰሞን ወልድያ ማደያ ውስጥ ልጄ ቤንዚን ሲያስቀዳ እኔ ጋቢና ተቀምጬ ነበር፤ ሽታው በመስኮቱ ገብቶ አፍንጫዬን ሲነካው ሳላስበው ፈገግ አልሁ። ሌላው ሰው ነጠላውን አፍንጫው ላይ የሚያደርግበት ሽታ ለእኔ የዓመት በዓል ሽታ ነው። ልጄ ላሊበላ ላይ እንግዳ እያስጎበኘ የሚኖር ሰው ነው፤ አሁን ደግሞ መኝታ ያለው ተጎታች ቤት ገዝቶ እንግዶቹን ተራራ ለተራራ ሊያዞር ተነሥቷል፤ የቀረው የሚጎትተው መኪና ነው። ናፍጣ ይሻላል ቤንዚን፣ ይኼኛው ጉልበት አለው ያኛው ይጠጣል እያለ፣ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር እየደቀነ ራሴን አዙሮት ከርሟል። የዚያን ዕለት የያዘው ባለቤንዚኑን ፒክአፕ ነበር፤ ሻጩ ሞክረው ብሎ ሰጥቶት። ብዙ ካደመጥሁት በኋላ፣ «ስትጎትት ጀርባው ላይ ምን ልትጭንበት ነው?» አልሁት።

«ምንም! እየጎተተ ደግሞ ልጫንበት? ምን በወጣው፣ እማዬ!»

ሳቄ አመለጠኝ። የልጅነት ጎረቤቴን አያ ሲሳይን በዓይኑ ሳያይ ያደገ ልጅ፣ ቃላቸውን አንድ ሳያስቀር ከየት አገኘው?

የተወለድሁት ብልባላ ነው። በደርግ ጊዜ፣ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በፊት፣ የኛ አገር በሽተኛ በቃሬዛ ተይዞ እስከ ላሊበላ ይወሰዳል፤ ዕድሜ ያለው ይደርሳል፣ የሌለው መንገድ ላይ ይቀራል። እናቴ ምጧ ጠንቶባት በቃሬዛ የወጣች ጊዜ እኔ ገና የጥርሴ መንቀያ ልጅ ነበርሁ፤ የተመለሰችው ባዶ እጇን ነው። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ስለ ሕፃን የሚያወራ ሰው አልነበረም፤ ደግማ ስታረግዝም አባቴ ደስታውን እንደ ሰረቀው ዕቃ ደበቀው። ወሯ የሚገባው ክረምቱ ሲገባ፣ ወንዙ ሲሞላና ቃሬዛ እንኳ የማይሻገርበት ጊዜ ላይ ነበር። ለአሸተን ማርያም ጥላ ተስላ፣ ማታ ማታ ወደ ተራራው አቅጣጫ ቆማ ስታነበንብ እሰማት ነበር።

የነጩ ቤት ወሬ የደረሰን በዚህ መሐል ነው። መንገድ ሲለኩ የከረሙ ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ፣ ይኖሩበት የነበረውን ባለጎማ ነጭ ቤት ከላሊበላ በታች ሜዳ ላይ ትተውት ነበር። ያ ቤት ለብልባላ ክሊኒክ እንዲሆን ተፈቀደ፤ ግን ዝናብ ሳይጥል ካልወሰዳችሁት ለሌላ ይሰጣል ተባለ። ሐኪም የምንለው የጤና ረዳት፣ ድሬሰሩም፣ ውኃ የማያስገባ ጣሪያና የሚታጠብ ወለል ካገኘሁ መጥቼ እናንተው ዘንድ እኖራለሁ ብሎ ማለ። አባቴ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነበርና እንቅልፍ አጣ። እኛ ልጆች ደግሞ ቤቱን ለማየት ገበያ የሚሄድ ሰው በተነሣ ቁጥር እየተከተልን፣ በትንሿ መስኮት ግንባራችንን ለጥፈን፣ ከግድግዳ የሚዘረጋውን አልጋና ውኃ የሌለውን ቧንቧ እያየን አፋችንን እንከፍት ነበር። እግር ያለው ቤት! ሰው ቤቱን ጥሎ ይሄዳል እንጂ ቤት ከሰው ጋር ሲሄድ ማን አይቶ?

የሚጎትተው ግን ማን ነው? ያን ጊዜ አባቴ ብዙ ደጅ ጠንቶ ሁለት መኪና ተፈቀደለት፤ መርጣችሁ አንዱን ውሰዱ ተባለ። አንዱ ረጅም የናፍጣ መኪና ነው፤ ሌላው ከኮን ከተማ የመጣ ቀይ ፒክአፕ፣ አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ቤንዚን እንደ ጠላ የሚጠጣ። ቤንዚን ደግሞ በኩፖን ነው። አባቴ ሲጨንቀው ጎረቤታችንን አያ ሲሳይን ጠራ። አያ ሲሳይ መኪና ነድተው አያውቁም፤ በሬ በመምረጥ ግን አገር ያውቃቸዋል፤ እርሳቸው ሻኛውን ሳይዳብሱ በሬ የገዛ ሰው ብልባላ ውስጥ አልነበረም።

ምርጫው የላሊበላ ገበያ በሚውልበት በቅዳሜ ሆነ። እንዴት ያለ ቅዳሜ! ማር ሻጩ ማሩን፣ ጨው ሻጩ ጨዉን ትቶ ሜዳው ዙሪያ ተኮለኮለ። መጀመሪያ አንድ ቄስ ቀዳሚት ሰንበት ሆኖ ሳለ መጥመድ አይነወርም ወይ ብለው ነገሩን ሊያበላሹት ነበር፤ ሌላው ቄስ ጎማ መሬት አያርስም ብለው ፈቱን። አያ ሲሳይ ኩታቸውን አጣፍተው ሁለቱን መኪኖች ዞሩ። ጎማቸውን እንደ ኮቴ አነሥተው ሊያዩ ሞከሩ፣ ኮፈናቸውን እንደ ሻኛ መቱ፣ ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ተመለከቱ፤ ጥርሳቸውን ሊያዩ ነው ብለን እኛ በሳቅ ፈረስን። ከዚያ እንደ በሬ ወግ ይፈተኑ አሉ፤ ለሁለቱም በተራ አንድ ትልቅ ግንድ ታሰረላቸው።

ናፍጣው አጉረመረመ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ግንዱን ቀስ አድርጎ ወሰደው፤ ሲዞር ግን ሜዳው ሁሉ ጠበበው። ቀዩ ሲነሣ ሞተሩ አገሳ፣ ግንዱ ከመሬት የዘለለ መሰለን፣ አንዲት ነጠላ በምታህል ቦታ ላይ ተጠምዝዞ ተመለሰ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ የኔም ልብ ከግንዱ ጋር ተጎትቶ ሄደ።

«በቃ! ይኼን ነው» አሉ አያ ሲሳይ። «ያ የሜዳ በሬ ነው። የኛ ጠመዝማዛ ላይ ዞሮ የሚወጣልን ይኼ ነው።» ግንባሩ ላይ ነጭ ቀለም ስለነበረው ስሙን እዚያው ቦራ አሉት። የኮኑ ሾፌር በላቸውም ከኩራቱ ብዛት ደረቱ ከመኪናው ደረት እኩል ሆነ።

ሰንበትን አሳልፈን ሰኞ ቦራ ነጩን ቤት አስከትሎ ተነሣ። ሰማዩ ጠዋቱን ጠቁሮ ነበር። ሰው ሁሉ ከኋላው በእግሩ ይከተላል፤ ምክንያቱም አያ ሲሳይ ሕግ አውጥተዋል፤ የሚጎትት በሬ ጀርባው ላይ አይጫንበትም። ካሶኒ የሚባለው የኋላ መጫኛው ባዶውን እንዲሆን፣ የድሬሰሩን የመድኃኒት ሣጥን ሳይቀር አውርደው ለጎረምሶች አሸከሙት። በላቸውም የገበሬ ልጅ ነውና እውነት ነው፣ ይታዘንለት ብሎ ተስማማ። አገሩን ሙሉ በበሬ ያረሰ ሰው ሌላ ምን ያስብ? እኛም አዘንንለትና እንኳን ልንሳፈር ልንነካው ሳሳን።

የብልባላ የመጨረሻው አቀበት ላይ ስንደርስ ካፊያው ጀመረ። ቦራ ግማሹን ወጣና ቆመ። የኋላ ጎማው ጭቃውን እየረጨ ይሽከረከራል እንጂ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ታኮ ድንጋይ አደረጉ፣ ቅጠል አነጠፉ፣ አያ ሲሳይ ኮፈኑን እያሻሹ «ና የኔ ጌታ፣ ና ቦራ» አሉ፣ አባቴ ሰማዩን ያይ ጀመር። ገና ካፊያ እኮ ነው፤ ግን ያ ዝናብ አንዴ ከጠነከረ ነጩ ቤት እዚያው ይከርማል። ወይም ወደ መጣበት ይመለሳል።

ቤቱን ሊቀበሉ ከወረዱት ሴቶች መካከል እናቴ ነበረች፤ ሆዷ ከፊቷ የሚቀድም፣ እግሯ ያበጠ። ቆማ ቆማ ሲደክማት የምትቀመጥበት ደረቅ ነገር አጣችና፣ በሁለት ጎረቤቶቿ ተደግፋ ካሶኒው ላይ ወጥታ ዘፍ አለች። ደጋፊዎቿም አብረው ቀሩ።

«ኧረ በማርያም! አውርዷት!» ጮኹ አያ ሲሳይ። «እንስሳው እየሞተ ደግሞ ትጫኑበት?»

«እኔስ እየሞትሁ አይደል፣ አያ?» አለች እናቴ። «ከቦራ እኔ አልብስም?»

ሰው ሳቀ። በላቸው ሴቶቹ እስኪወርዱ አልጠበቀም፤ ማርሹን አስገብቶ ሞከረ። ጎማው መሬቱን ነከሰ። ትንሽ፣ የክንድ ያህል፣ ግን ነከሰ! ሁላችንም አየነው። በላቸው ራሱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ጨምሩበት! የኋላው ቀሎት ነው! ሰው ጨምሩበት!» ብሎ አበደ።

የቀሩት ሴቶች ወጡ፣ ቄሶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወጡ፣ ድሬሰሩ ከነሣጥኑ ወጣ፣ ወፍራም የተባለ ሁሉ በስሙ እየተጠራ ወጣ፤ በውፍረቱ የሚታማ ሰው በዚያን ቀን ጌታ ነበር። እኔን አባቴ ወርውሮ እናቴ ጭን አጠገብ ጣለኝ። ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ሎሚ እኛው ሆንን። የመጨረሻው አያ ሲሳይ ነበሩ፤ ኩታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቦራን «ይቅር በለኝ» ብለው ወጡ። ሞተሩ አገሳ፣ ቤንዚኑ ሸተተ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበን እየጮኽን፣ እየዘፈንን፣ ነጩ ቤት ከኋላችን እየተንገዳገደ ዳገቱን ወጣነው።

ወንድሜ በዚያው ክረምት፣ ወንዙ ሞልቶ ሲጮህ፣ ከግድግዳ በሚዘረጋው አልጋ ላይ ተወለደ። አባቴ ደጅ ዝናብ ላይ ቆሞ የሕፃኑን ድምፅ ሲሰማ አለቀሰ፤ አያ ሲሳይ ልጁን ሲያዩ ግንባሩን ዳብሰው፣ የዚህስ ስሙ ቦራ ነው አሉ። የክርስትና ስሙን የሚያስታውስ ዛሬም ጥቂት ነው።

ያ ካሶኒ ላይ ተደራርቦ የነበረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ተበተነ። ድርቁ መጣ። አያ ሲሳይ በሬዎቻቸውን አንድ በአንድ ቀብረው፣ በሰፈራ ወደማያውቁት ቆላ ሄዱ፤ መጨረሻቸውን የነገረን የለም። አባቴና እናቴ ዕድሜ ጠግበው አረፉ። ነጩ ቤትም ዝጎ ዝጎ ጣሪያው የዶሮ ቤት ሆነ።

ከወልድያ እንደተመለስን ልጄ የገዛውን ተጎታች ቤት በባለቤንዚኑ ፒክአፕ አስከትሎ እዚያው የብልባላ አቀበት ላይ ሊፈትነው ወሰደኝ። እናቴ እንዳደረገችው ካሶኒው ላይ ልወጣ ተነሣሁ፤ ልጄ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ ደግፎም አወጣኝ። ካፊያ ነበር፣ ጭቃም ነበር። ጎኑን ጨብጬ፣ በሙሉ ክብደቴ ወደ ታች ተጭኜ፣ «ና ቦራ!» አልሁ።

መኪናው አንዴም አልተንሸራተተም። አራቱም ጎማው እየገፋ፣ ድምፁን እንኳ ሳያሰማ ወጣ። ለልጄ ደስ አለኝ፤ ያን ባለቤንዚኑን ግዛው አልሁት። እንባዬን ግን ከካፊያው ጋር ጠረግሁት፤ ዳገቱን ለመውጣት ማንም አላስፈለገውምና።