ለካሜራ ዋስ መሆን

በሰቆጣ ለሰው ዋስ የሆነ ብዙ ነው። ለበሬ ዋስ የሆነም አይጠፋም። ለካሜራ ዋስ ሆኖ ሽማግሌ ፊት የቆመ ግን ከእኔ በፊት አልነበረም፤ ከእኔ በኋላም አይነሳም፤ ቢነሳም ምክሬን ያልሰማ ሞኝ ነው።

ያኔ ገበያው አጠገብ ፎቶ ቤት ነበረኝ። በፊልሙ ዘመን ከሰቆጣ እስከ ፃግብጂ ያለውን ሕዝብ ለመታወቂያ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ያላነሳሁት ካለ ገና አልተወለደም። ፊልሙ የሚታጠበው ወልድያ ተልኮ ነው። ሄዶ እስኪመለስ ጎረምሳው ጢም ያበቅልና “ይሄ ልጅ ማነው?” ይለኛል። በዚህ ስንኖር የአክስቴ ልጅ ከአውሮፓ ፊልም የማይጎርስ ካሜራ ላከልኝ።

የአክስቴ ልጅ እዚያ የአንድ ሀብታም አዛውንት ቤት ዘበኛ ነበር። ሰውዬው የሚወዱት አንድ ዓይነት ካሜራ ብቻ ነው፤ ፋብሪካው አዲሱን ባወጣ ቁጥር አዲሱን ይገዙና አሮጌውን ለዘበኛው ይጥሉለታል፤ ዘበኛው ለእኔ ይልከዋል። ስለዚህ የእኔ ሥራ የሚሻሻለው የማላውቃቸው ፈረንጅ ሲሰለቻቸው ነው።

ካሜራው ክብደቱ የወፍጮ መጅ ነው። ከጥግ ባለችው ትንሽ መስኮት ስታይ የምታነሳው ሰው መንታ ሆኖ ይታይሃል፤ ሌንሱን እያሽከረከርክ ሁለቱን ምስል አንድ ላይ ታመጣቸዋለህ፤ አንድ ሲሆኑ ትጫናለህ። ከማንሳት ይልቅ የተጣላ ማስታረቅ ይመስላል። የመጀመሪያው ካሜራ በዚህ በኩል እንከን አልነበረውም። አቧራ ውስጥ ወድቆ ይነሳል፤ አንዴ ከበቅሎ ላይ ወርዶ ድንጋዩን ሰነጠቀው፤ እሱ ምንም አልሆነም።

ከፎቶ ቤቴ ከፍ ብሎ ጠላ የሚሸጡ ጎረቤት ነበሩኝ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ባላቸው ሞቱባቸው። አንዲት ልጃቸው አረብ አገር ሠራተኛ ናት፤ ለቀብር መድረስ አልቻለችም። “እማን በሐዘን ልብሷ ሆና ላያት፤ እያየኋት አብሬያት ላልቅስ” ብላ በእኔ ስልክ ለመነች። የሐዘኑን ጥቁር ጨርቅም የላከችው እሷው ናት፤ የሚያብረቀርቅ የአረብ አገር ጨርቅ። አሰፉት፤ ለበሱት፤ አነሳኋቸው። ሳትመው ልብሱ ወይን ጠጅ ሆኖ ወጣ። የፕሪንተሩ ቀለም ነው ብዬ፣ ደግሞም ጨርቁን የላከችው ልጅቱ ቀለሙን መቼ ትስተዋለች ብዬ፣ ወደዚያው ለምትሄድ ልጅ አስያዝኩት።

ፎቶው እንደደረሰ ስልኬ ጮኸ።

“ጋሼ፣ ለእማ ንገርልኝ። አባቴ አፈሩ ሳይደርቅ ወይን ጠጅ ከለበሰች እኔ ልጇ አይደለሁም። የላክሁላትንም ጥቁር ጨርቅ ለማን እንደሸጠችው ትንገረኝ።”

“ኧረ ካሜራው ነው! ጥቁሩን ወይን ጠጅ የሚያደርገው ካሜራው ነው!”

“ቀልድህን እዚያው ቀልድ፤ በአባቴ ግን አትቀልድ” አለችና ዘጋችው። ከዚያ ወዲያ የእናቷ ስም ከተነሳ ስልክ ትዘጋለች።

እትዬ ይህን ሲሰሙ ፎቶ ቤቴ በር ላይ ቆሙ። “አንተ እግዜር የሚያይህ! ባሌን ልቅበር ብመጣ ሙሽራ አድርገህ ዳርከኝ?”

በእኛ በዋግ ነገር የሚያልቀው በሽማግሌ ነው። ሦስት አዛውንት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ወይራ ሥር ተሰየሙ። ካሜራው በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ ስም አጥፍቷልና ተከሳሹ እሱ ነው።

“ተከሳሽ አፍ የለውም” አሉ የመሀሉ ሽማግሌ። “ተናገርለት የምንለው አንተን ነው። ያየውን ይመስክር፤ ጥቁር ነገር ሁሉ ይቅረብለት።”

ቀረበለት። ጃንጥላ አነሳ፤ ወይን ጠጅ። የቄሱን ካባ አነሳ፤ ወይን ጠጅ፤ ቄሱ ግን አይተው “አያስጠላም” አሉ። ከእኛው ከዋግ ዝቋላ ለገበያ የመጣች ጥቁር ፍየል አነሳ፤ ወይን ጠጅ ፍየል፤ ባለቤቱ “ካሜራው ልማደኛ ነው፣ ዘር ያበላሽብኛል” ብሎ እየጎተተ ወሰዳት። የድስት ቂጥ ብቻ ጥቁር ሆኖ ወጣ። በመጨረሻ የመሀሉ ሽማግሌ የራሳቸው ኮት ተነሳ። ከካሜራው ጀርባ ባለው ማያ ላይ አዩት፤ የኮታቸውንም እጅጌ ወደ ፀሐይ አዙረው አዩ።

“እኔ ይህን ኮት ጥቁር ነው ብዬ ነው ይህን ሁሉ ዘመን የለበስኩት” አሉ።

“ጥቁር ነው እንጂ አባቴ!”

“ፈረንጅ የሠራው ይሳሳታል ብለህ ነው? ምናልባት ዓይናችን ይሆናል።”

በዚያ ሳምንት ሰቆጣ ውስጥ ልብሱን ያልተጠራጠረ ሰው አልነበረም። አንዱ ጥቁር ጫማውን ይዞ እየዞረ “በእግዜር፣ ይሄ ምን ይመስልሃል?” ይል ነበር።

የአክስቴን ልጅ በስልክ ጠየቅኩት። ዓይን የማያየው ብርሃን አለ፤ ይሄኛው ካሜራ ያየዋል፤ በአንዳንድ ጥቁር ጨርቅ ላይ ያ ብርሃን ወይን ጠጅ ሆኖ ይወጣል፤ ቀጥሎ የወጣው ግን ይህ የለበትም አለኝ። ሄጄ ለሽማግሌዎቹ ነገርኩ። “በአሮጌው የፊልም ካሜራዬ ላንሳቸውና እንገላገል” ብዬም ለመንኩ።

የመሀሉ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ስም ያጠፋ ራሱ ይመልሳል፤ እሱ ካልቻለ ዘመዱ ይመልሳል። የፊልሙ ካሜራ ዘመዱ ነው?”

“አይደለም።”

“እንግዲያው አያገባውም። ወንድሙ ይምጣ። እስኪመጣ ዋስ ጥራ!”

ማን ለካሜራ ዋስ ይሆናል? እኔው ሆንኩ። እትዬ ደግሞ ከተቀመጡበት ተነስተው፣ “ልጄ በጥቁር ሳታየኝ ይህን ልብስ ካወለቅሁ ሰው አይደለሁም” ብለው ማሉ። መሐላው ሁላችንንም አስደነገጠን፤ ይበልጥ ያስደነገጠው ግን እኔን ነው፤ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ በአንድ የአውሮፓ አዛውንት መሰልቸት ላይ ተንጠልጥሏል።

ሰውዬው ቶሎ አልሰለቻቸውም። ሙት ዓመቱ ደረሰ፤ ተዝካሩ ተበላ፤ የሟች ወንድሞች ጥቁራቸውን አወለቁ። እትዬ አላወለቁም። የከተማው ወንድ ሁሉ ሚስቱን “እንደ እሷ ያለ ባሏን የምትወድ አለች?” እያለ መውቀስ ጀመረ። እትዬ ጠላ እየቀዱልኝ በጆሮዬ፦ “ያ ሰውዬ በሕይወቱ ሳለ እንኳ ይህን ያህል አልታገስኩትም። ያንተን ካሜራ ነው የምታገሰው” አሉኝ።

ቀልደው ሲያበቁ ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ “ስልክ አልደወለችም?” አልደወለችም።

ሁለተኛው ካሜራ መጣ። ጥቁሩ ጥቁር ሆነ፤ የክረምት ሌሊት ነው የምልህ! በሐቀኝነት ከወንድሙ ይበልጣል፤ በጉልበት ግን የወንድሙን ጥፍር አያክልም። አንድ ፎቶ ካነሳ በኋላ ቀይ መብራቱን እየጠቀሰ ሐሳብ ውስጥ ይገባል። ለመቀስቀስ ባትሪውን ማውጣት አለብህ፤ ባትሪውን ለማውጣት የታችኛውን ክዳን መፍታት አለብህ፤ ክዳኑን ሁለት እጅህ ስለተያዘ በጥርስህ ትይዘዋለህ። እትዬን “ፈገግ አይበሉ፣ ሐዘን ላይ ነዎት” የምላቸው ክዳን ነክሼ ነው፤ እንዴት አይስቁ?

ከዚህም የከፋው ዓይኑ ሸውራራ መሆኑ ነው። በመስኮቷ ሁለቱ ምስል አንድ ሲሆኑ፣ ፎቶው ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ከኋላ ያለው የአጥር ቁልቋል ነው፤ እትዬ ጉም ናቸው። ሽማግሌዎቹ ፎቶውን ተቀባብለው አዩት።

“ልብሱ ጥቁር ነው” አሉ የመሀሉ። “ቁልቋሉም ግሩም ነው። ሴትዮዋ ማን ናት?”

ከሳሿ እትዬ ይላክልኝ ስላሉ ፎቶው ተላከ። ልጅቱም በእኔ ስልክ መልሷን ሰጠች፦ “ደግሞ ለሌላ ሴት ጥቁር አልብሳችሁ እማ ናት ትሉኛላችሁ?”

እትዬ ይህን ስነግራቸው አልሰደቡኝም። የቀዱልኝን ጠላ ሳልጨርስ ማሰሮውን ከደኑ። የምቀልድበት ነገር ፈልጌ አጣሁ፤ ይህ በእኔ ላይ እምብዛም አይደርስም።

ሦስተኛውን ስጠብቅ ለፋብሪካው ስለት ተሳልኩ ብል ማጋነን አይደለም። መጣ። ሦስተኛው ከሁለቱ መልካም መልካሙን ወስዷል፦ አይዋሽም፣ አያንቀላፋም፣ አይሸውርም። ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ወይራው ሥር ተሰየሙ፤ እትዬን ቀጥ አድርጌ አቆምኳቸው፤ ሁለቱን እትዬ አንድ አደረግሁ፤ ተጫንኩ። ማያው ላይ ሁሉም ተጎንብሰው አዩ።

ልብሱ ጥቁር አልነበረም። አመድማ፣ ትከሻው ላይ የነጣ፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ ነበር።

“አሁንም ዋሸ!” አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

ቀና ብለን እትዬን አየናቸው። ልብሱ እውነትም አመድማ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ በፀሐይና በእጥበት ሲነጣ፣ ጥቁር ነው እያልን ማናችንም ልብ ብለን አላየነውም ነበር። ፊታቸውም እንደዚያው ከስቷል።

“እንግዲህ ጭቃ ይቀባና እንደገና ይነሳ” አሉ ሌላው።

“አይቀባም!” አሉ እትዬ። “እውነቱን ሲናገር ደግሞ ልታስዋሹት ነው? እንዲህ እንደሆንኩ ላክልኝ።”

ላክሁ። ይሄኛው ፎቶ ደግሞ ምን ይዞ እንደሚመለስ አስቤ እንቅልፍ አጣሁ፤ ግራጫ ለበሰች ብትል ዋሱ እኔ ነኝና አገር ጥዬ ልጠፋ መንገዱን ሁሉ አሰብኩ።

ከዕለታት አንድ ቀን እትዬ ፎቶ ቤቴ ተቀምጠው ሳለ ስልኩ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርጌ በእጃቸው ሰጠኋቸው።

“እማ!” አለች ልጅቱ። “እስካሁን አላወለቅሽውም? ጨርቁ እስኪነጣ? ሰው ሐዘን ላይ እንዲህ ይቆያል? አንቺ ሴትዮ አብደሻል!”

“ማን አሳበደኝና! ወይን ጠጅ ለበሰች ያልሽው አንቺ አይደለሽ?”

“እኔማ … አውልቂው! ዛሬውኑ አውልቂው እማ፣ እግርሽ ሥር ልውደቅ!”

ሁለቱም አለቀሱ። ለሞተው ሰውዬ ነው ወይስ ለባከነው ጊዜ፣ እኔ አልለየሁም፤ እኔም ትንሽ ረዳኋቸው። ከዚያ እትዬ በነጣው ልብስ ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉና ድምፃቸው ተለወጠ።

“አላወልቅም። ሐዘንተኛ ራሱ አያወልቅም፤ የሚያስወልቀው ዘመድ ነው። መጥተሽ አውልቂልኝ።”

 

“ከወልድያ ወደ ሰቆጣ መኪናው አሁንም ሳይነጋ ነው የሚነሳው?” አለች ልጅቱ።

እትዬ ወልድያ ደርሰው አያውቁም። ስልኩን ወደ አፌ አስጠጉት።

“በል ንገራት እንጂ!” አሉኝ። “ምን ያፈዝሃል!”