ሲያዩት ብቻ የሚጮኽ አላርም

የእኔ ስልክ ሰበታ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ከኮምፒውተሩ ጋር በገመድ እንደታሰረ ይውላል። የምሠራውን አፕ ሁሉ መጀመሪያ የምሞክረው በእሱ ነው። ሰው ደውሎ "አፕህ አይሠራም" ሲለኝ ገና ሳይጨርስ ደሜ ይፈላል። "በእኔ ስልክ ይሠራል!" እላለሁ። የሙያዬ ሰዎች ሁሉ ይቺን አባባል ያውቋታል፤ እንደ እኔ ያፈረባት ግን ያለ አይመስለኝም።

ሰበታ ከመግባቴ በፊት ቡራዩ ነበርኩ። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው እማማ ናቸው፤ ኮድ መጻፍ የተማርኩት በእሳቸው ጓሮ ክፍል ነው። ኮምፒውተሬ መብራታቸውን እንደዚያ ሲበላው አንድ ቀን እንኳ "ኧረ ተው" አላሉኝም፤ ጥያቄያቸው "ምሳ በልተሃል?" ብቻ ነበር። የደም ግፊት አለባቸውና ጠዋትና ማታ መድኃኒት ይውጣሉ። የማርያም ማኅበርተኛ ናቸው፤ የማታ ሰዓታቸው ግን ከጀርባችን ያለው መስጊድ ነበር። የመግሪብ አዛን ሲሰማ "መድኃኒቴ ደረሰ" ብለው ይነሳሉ። አስተጓጉለው አያውቁም።

እንዲህ እንደሆነ ብተወው ምን ነበረበት? አላወቅሁ፤ አዋቂ ነኛ! "እማማ፣ አዛን እኮ ከፀሐይዋ ጋር ወደፊት ወደ ኋላ ይላል። መድኃኒት ደግሞ ቋሚ ሰዓት ይፈልጋል" አልኳቸው። የመድኃኒት ሰዓት የሚያስታውስ አፕ ሠርቼ ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው። "ከእንግዲህ አዛኑን ይተዉት፣ ይሄ ሲጮኽ ብቻ ይውሰዱ" አልኩ። የቡራዩ መብራት እንደሆነ አይታመንም፤ ስልካቸው እንዳይዘጋባቸው ብዬ የስልኩን ባትሪ ቆጣቢ በገዛ እጄ አበራሁት። በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ጨርሰው መረቁኝ።

ሰበታ ከተዛወርኩ በኋላ እየደወልኩ እጠይቃቸዋለሁ።

"እማማ፣ ይጮኻል ወይ?"

"ኤዬ፣ ይጮኻል እንጂ! ምን የመሰለ ነገር ነው የሠራኸው፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ።"

ስልኩን ስዘጋ ደረቴ ሰፍቶ ነው። በዚሁ ሞቅታ አፑን ለሌላውም ሰው ለቀቅሁት። ሱሉልታ ሱቅ ያለው አንድ ሰው ለአባቱ ጭኖላቸው ኖሮ ደወለልኝ።

"ወንድሜ፣ ይሄ ነገርህ አይጮኽም።"

"ድምፁን ከፍ አድርገኸዋል?"

"ወላሂ ከፍ ነው! ስልኩን ስከፍተው ነው የሚጮኸው። አባቴ ደግሞ ስልክ ሲያዩ አይውሉም።"

ሲያዩት ብቻ የሚጮኽ አላርም! ሳቄ መጣ። የስልኩን ዓይነት ስጠይቀው ከእማማ ስልክ ጋር አንድ ነው። በቃ፣ አለቀ። የእማማ እየጮኸ የእሱ የማይጮኽበት ምክንያት የለም። "የአጠቃቀም ችግር ነው" አልኩት። "እሺ፣ አላህ ያግዝህ" ብሎ ዘጋ። እኔም ኮዴን ሳልከፍት ወደ ሌላ ሥራዬ ተመለስኩ።

ከዚያ ዱከም ፋብሪካ የምትሠራው የእማማ ልጅ ደወለች። እማማ ጓሮ ወድቀው ተገኝተዋል። ሆስፒታል ስደርስ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏል፤ ንግግራቸው ይጎተታል። ሐኪሟ፣ ልጅቷ ከቤት ያመጣችውን መድኃኒት ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ አብዛኛው አልተነካም። "መድኃኒታቸውን አቋርጠዋል፤ ለዚህ ያበቃቸው እሱ ነው" አለች።

ልጅቷ ውሃ ልትገዛ ስትወጣ አልጋው አጠገብ ጠጋ አልኩ።

"እማማ፣ ስልኩ አይጮኽም ነበር እንዴ?"

"አዛኑ ሲል ስልኩን አየዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ዝም ብሏል። ዛሬ አያስፈልጋትም ማለቱ ይሆናል እላለሁ።"

"ታዲያ ስደውል ለምን አልነገሩኝም?"

"እንዴት ብዬ? ይሄን ያህል የለፋህበትን!"

ይሉኝታ! እሳቸው እኔን ላለማሳፈር ይጮኻል አሉ፤ እኔ የእሳቸውን ይሉኝታ ይዤ የሱሉልታውን ሰው አፉን አስዘጋሁት።

ስልካቸውን ይዤ ሰበታ ሄድኩ። ገመድ ሳልሰካበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። የማታው መድኃኒት ሰዓት፣ አሥራ ሁለት፣ ደረሰ፣ አለፈ፣ ዝም። አንስቼ ስከፍተው አምባረቀ። ያ በእጄ ያበራሁት ባትሪ ቆጣቢ ስክሪኑ ሲጠፋ አፔንም አብሮ ያስተኛዋል። የእኔ ስልክ ግን ቀኑን ሙሉ ቻርጅ ላይ ነው፤ ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ እንደዚያ አይተኛም። ስለዚህ በእኔ ስልክ ይሠራል። ማስተካከያው ጥቂት መስመር ኮድና "ይህን አፕ አታስተኛው" ብሎ ባለቤቱን የሚያስፈቅድ አንድ ገጽ ነበር። ያን ያህል ቀላል መሆኑ ራሱ አሳመመኝ።

ሱሉልታ ደውዬ "ልክ ነበርክ፣ ይቅርታ" አልኩ። የአባቱም ስልክ ባትሪ ቆጣቢ በርቶ ኖሯል። "አባቴ ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ፤ እኔ ራሴ ነኝ የማስታውሳቸው" አለኝ። እሱን ይቅርታ መጠየቅ አልከበደኝም፤ ፊቱን አላውቀውም።

እማማ ቤታቸው ከገቡ በኋላ አንድ እሁድ የተስተካከለውን አፕ ስልካቸው ላይ ጭኜ ቡራዩ ሄድኩ። ልጃቸው ከዱከም መጥታለች። እስኪመሽ አብሬ ቆየሁ። አዛኑ ገና ሳይጀምር ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ፣ ስክሪኑ እንደጠፋ፣ ማንም ሳይነካው ጮኸ። ልጅቷ ክኒኑን በእናቷ ግራ እጅ ላይ አኖረችና ንዴቷ ገነፈለ።

"ይኸው! ሰፈር የሚቀሰቅስ ድምፅ እኮ ነው! እንዲህ እየጮኸልሽ ነው ዝም ያልሽው? ራስሽን እንዲህ ያደረግሽው?"

እማማ እኔን አላዩኝም። በሚጎተተው አንደበታቸው ቀስ ብለው፣ "አዎ፣ ድሮም ይጮኽ ነበር። እኔ ነኝ የሰነፍኩት" አሉ።

ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ምን ታድርግ? የምትችለውን ሁሉ አደረግህላት።"

አሁን ነው መናገር፣ አልኩ በልቤ። እማማ ክኒኑን ይዘው አንገታቸውን ደፍተዋል። አፌን ከፈትኩ።

"ቻርጁ እንዳያልቅበት ብቻ ተጠንቀቁ" አልኩ።