የጋንሽያም ዶባል የአሥራ ሁለት ዓመት ዝምታ

ጋንሽያም ዶባል አፉን የዘጋው በሃምሳ ስምንት ዓመቱ፣ ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ወር ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የህንዷን ከተማችንን ሪሺኬሽን ቤት ለቤት እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ኖሯል። በእነዚያ ዓመታት ከሚስቱ ከቪምላ ጋር ከገጠመው ክርክር አንዱንም አላሸነፈም።

አንድ ማለዳ በጋንጋ ወንዝ ዳርቻ አንድ መነኩሴ ስለ ዮጋ ሲያስተምሩ ሰማ። የሰው ልብ ነፋስ እንደሚያናውጠው ውሃ ነው አሉ መነኩሴው፤ ማዕበሉ ሲረጋ ከሥር ያለው እውነተኛ ማንነት ይታያል፤ ዮጋ ማለትም ይኸው መርጋት ነው። ጥሩ ትምህርት ነው፣ የሚነቀፍ ነገር የለውም። ጋንሽያም ግን ይዞት የተመለሰው ቁም ነገር ነፋሱ የሚነሳው ከአፍ ነው የሚል ነበር። ያውም ከሚስቱ አፍ።

በማግስቱ "ለአሥራ ሁለት ዓመት የዝምታ ስእለት ገብቻለሁ" ብሎ ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ።

ቪምላ አነበበችውና እንደ ልማዷ በልጃቸው ስም ጠራችው። "የኩሱም አባት፣ ጣራው እያፈሰሰ ነው። ስእለቱን አናጢ ከጠሩልኝ በኋላ ቢገቡ ምን ነበረበት?"

መልስ የለም። በትዳሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈ።

ዝም አለ ስል ግን ሰው እንዳይሳሳት። አንዲት ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጠመኔ በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። "ሻዩ ስኳር አንሶታል።" "የጎረቤት ራዲዮ ይቀነስ።" "ምስሩ ላይ የነበረው ቅቤ የት ሄደ?" ቆጣሪ ሲያነብ በቀን ከሚናገረው ይልቅ አሁን በቀን የሚጽፈው በለጠ። አንድ ጠመኔ ሦስት ቀን አይበቃውም።

የእኛ ከተማ ደግሞ ዝም ያለን ሰው የምትናገረው ነገር አለህ ወይ ብላ አትጠይቅም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ "የዝምታው ባባ"፣ የዝምታው ቅዱስ አባት፣ ተባለ። ምንጣፋቸውን ጠቅልለው በብብታቸው የያዙ ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች ጠዋት ጠዋት ፊቱ ይደረደሩ ጀመር። አንዷ እያለቀሰች "ውስጤን አየው" ብላ ለቪምላ ነገረቻት።

"በምን አይቶ?" አለች ቪምላ። "መነጽሩን እኮ ቤት ረስቶት ነው የወጣው።"

እዚህ ላይ የሚነገር ነገር አለ። የዮጋ መንገድ ስምንት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ደረጃ የሚጀምረው ማንንም አትጉዳ በሚል ነው። እግር አጣጥፎ መቀመጥ ሦስተኛ ነው፣ ትንፋሽን መግራት አራተኛ። አፍ መዝጋት በቁጥሩ ውስጥ የለም። ሽማግሌን ዱላ እንደሚደግፈው ሊደግፍ ይችላል እንጂ ራሱ ደረጃ አይሆንም። የእኛ ባባ ዱላውን ተሸክሞ መሬት ላይ እንደቆመ ወጥቼ ጨረስኩ አለ፤ እኛም አጨበጨብን።

በሰባተኛው ዓመት ልጁ ኩሱም ለጋብቻ ደረሰች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የመጀመሪያ ደረጃ አስተማሪ ናት። ሙሽራው ናቪን ከዴህራዱን የመጣ ነርስ ነው። በእኛ ወግ አባት በእሳቱ ፊት የልጁን እጅ በሙሽራው እጅ ላይ አኑሮ ስሙን፣ ዘሩን፣ የሦስት ትውልድ አባቶቹን ይጠራና "ሰጥቻለሁ" ይላል። በገዛ ድምፁ። አባት በሕይወት እያለ ሌላ ሰው ከሰጣት፣ እንግዳው ሁሉ ወይ አባትየው እንደሞተ ይቆጥረዋል፣ ወይ ጋብቻውን እንደጠላው።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ኩሱም ፊቱ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት።"

"ስእለት ነው" ብሎ ጻፈ።

"አውቃለሁ። የሚድሩንን ካህን፣ ፓንዲቱን፣ ጠይቄያቸዋለሁ። ለልጅ ጋብቻ ሲባል ይነሳል፣ ማስተሰረያውም የአንድ ቀን ጾም ነው ብለዋል። ጾሙን እኔ እጾምልዎታለሁ።"

"የሰባት ዓመት ኃይል ይፈስሳል።"

"ኃይሉ ለምን የሚሆን ነው?"

"ነጻ ለመውጣት።"

"ከማን?"

ሰሌዳውን በእጅጌው ጠረገው።

የሠርጉ ዕለት፣ ከቀትር በፊት፣ ለጋብቻው በኮከብ የተመረጠችው መልካም ሰዓት እያለፈች ነው። ፓንዲቱ "ዶባልጂ፣ ስምዎን ይበሉ" አሉ። ዝም። "ስምዎን ብቻ። የቀረውን እኔ እያልኩ ይከተሉኛል።" ዝም። የኩሱም እጅ መዳፉ ላይ ነው። እኔ ጎረቤቱ ከጎኑ ስለነበርኩ አይቻለሁ፦ ከንፈሩ ተከፍቶ ነበር። ቀና ሲል ከፊት የተቀመጡትን ስድስት ተከታዮቹን አየ። ስልካቸውን አንስተው ባባ ስእለቱን ይሰብራል አይሰብርም እያሉ ይቀርጻሉ። ከንፈሩን መልሶ ገጠመው።

ከሙሽራው ወገን አንዲት አክስት "አባትየው ልጃችንን አልወደደውም እንዴ?" አለች።

"ዲዳ ነው አሉ" አለቻት ሌላዋ።

"ታዲያ ለምን ደበቁን? በዘር የሚሄድ ቢሆንስ?"

ኩሱም ይህን ሁሉ ሰማች። የቪምላ ወንድም ጃግዲሽ፣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ ተነሳ። "እስቲ ጠጋ በልልኝ፣ አማቼ" አለና የራሱን ስም፣ የራሱን ዘር ጠርቶ የእህቱን ልጅ ሰጣት። ልጅቷ አባቷ እግሩን አጣጥፎ በተቀመጠበት በሌላ ሰው ስምና ዘር ተዳረች። ተከታዮቹ የያዙትን የአበባ ጉንጉን ያጠለቁት ለሙሽራዋ አልነበረም፤ ለእሱ ነበር።

ስትሄድ መዳፉን ለምርቃት አነሳላት። ወጉ ነውና ጎንበስ ብላ እግሩን ነካች።

"ይበርቱ አባዬ" አለችው። "አምስት ዓመት ነው የቀረዎት።"

ከዚያ በኋላ ስልክ ስትደውል የምታናግረው እናቷን ብቻ ነው። እሱም አይናገርም፣ ምን ብላ ትጠይቀው?

አምስቱ ዓመት አለቀ። ግቢው በሰው ሞላ፣ ከበሮ ተመታ፣ ቀንድ ተነፋ፤ የባባ የመጀመሪያ ቃል ምን እንደሚሆን የሚተነብይ ወረቀት ሁሉ ታትሞ ታድሏል። ሰላም ነው ያለ አለ፣ የአምላክ ስም ነው ያለ አለ። እሱ ግን በእጁ ምልክት ስልክ ጠየቀ። ቪምላ ለኩሱም ደውላ ሰጠችው። ያን ቃል ለማን እንዳስቀመጠው ያን ጊዜ ገባኝ፤ አልዋሽም፣ አሳዘነኝም።

ስልኩን ያነሳችው የኩሱም ልጅ ናት፣ የአራት ዓመት ሕፃን።

"ማነው?"

"ኩ... ኩሱም?" ድምፁ ዝገት የበላው ማጠፊያ ይመስል ነበር።

"እማዬ ልብስ እያጠበች ነው። ማን ልበላት?"

"አያትሽ ነኝ። የሪሺኬሹ።"

ሕፃኗ ትንሽ አሰበች።

"ውሸታም። የሪሺኬሹ አያቴ አይናገርም" አለችና ዘጋችው።

ቪምላ ከጎኑ ሆና ሰምታለች። "የኩሱም አባት፣ ደግሜ ልደውልልዎት?"

ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያየው ነበር። ከፊት የተቀመጡት ግን አፉ ከተፈታ በኋላ እንኳ ዝም ማለቱ ከጸጋ ነው ብለው አጨበጨቡለት።