የዘነበች ቆዳ መያያዝ ሲያቅተው

በመጀመሪያ የቆሰለው አፏ ነበር። ባለቤቴ ዘነበች «በርበሬ ነው» እያለች አጥሚት ብቻ መጠጣት ያዘች። ከወር በኋላ ደረቷና ጀርባዋ ላይ ውኃ የቋጠሩ እብጠቶች ወጡ። እኛ የጋምቤላዋ መቲ ሰፋሪዎች ለዚህ መልስ አናጣም፤ ምች አልነው። ዳማ ከሴ ከጓሮ ቀጠፍኩ፣ ወቀጥኩና ጀርባዋን አሸሁት።

ቆዳዋ እጄ ላይ ቀረ። ጮኸች። እኔም ጮህኩ።

ጋምቤላ ሆስፒታል እስክንደርስ ቀሚሷ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ነበር። ሐኪሟ ደህና የሚመስለውን ቆዳ በጣቷ ገፋ ስታደርገው እሱም ተንሸራተተ።

«ፔምፊገስ ይመስላል» አለችኝ። «መምህር፣ አንዱ ሴል ሌላውን የሚይዝበት ዴስሞዞም የሚባል ማያያዣ አለ። የገዛ ሰውነቷ በሽታ መከላከያ ጠላት መስሎት እሱን እያፈረሰባት ነው።»

«ትተርፋለች?»

«ቁስሉ ካመረቀዘ ያሰጋል።»

ስንት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ! ሰሌዳ ላይ ሴል ስሥል ኖሬ፣ ሴሎች ካልተያያዙ ሰው እንደማይቆም አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። አፈርኩ።

ከቆዳዋ የተወሰደው ናሙና ወደ አዲስ አበባ ተላከ፤ ያን መከላከያ የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን የሚባል መድኃኒት ግን ወዲያው ተጀመረላት። አተኮሳት። መዋጥ አቃታት። ስትገላበጥ አንሶላው ቆዳዋን ይዞ ይነሣል። ቄስ መጥራት አሰብኩ። ፈራሁ።

ከኢታንግ የመጣ አንድ ነርስ አየኝና «መምህር፣ አንሶላ ተው። ሙዝ ቅጠል አምጣ፣ እናጥበዋለን» አለኝ። ቅጠሉ ላይ አስተኛናት። ሳትላጥ ተነሣች።

በአራተኛው ሳምንት አዲስ እብጠት መውጣቱ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ቁስሉ ከዳር ወደ መሃል እየደረቀ፣ እሷም መጀመሪያ ወተት፣ ቀጥሎ ገንፎ እየቀመሰች፣ ፊቷ በመድኃኒቱ አብጦ ዘመድ እስከማይለያት ድረስ ተለውጣ፣ በእግሯ ወደ ቤቷ ገባች። የአዲስ አበባው ውጤትም ፔምፊገስ መሆኑን አረጋገጠ። በሽታው ጨርሶ አልለቀቃትም። ክኒኑን ዛሬም ትውጣለች።

ሐኪሟንና ነርሱን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናንተ ደግሞ፣ የአፍ ቁስል ከሁለት ሳምንት ካለፈ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ፊት አበጠ ብላችሁ ይህን ክኒን በራሳችሁ አታቁሙ፤ ድንገት ማቆም ሊገድል ይችላል።

ዘነበች ይህን አንብባ «ያሸኸኝን ከጽሑፉ ሰርዘው፣ ሰው ይፈርድብሃል» አለችኝ። ይፍረድብኝ። እናንተ ብቻ አትሹ።