ጀልባዬ ላይ «በሕግ አምላክ» የተባልኩ ዕለት

ትናንት ጠዋት ቆጋ ግድብ ላይ አንድ ሰው በሕግ አምላክ አስቆመኝ... እኔ ቆምኩ፣ ጀልባዬ ግን አልቆመችም።

የቡሬ ልጅ ነኝ። የተማርኩት ስለ ዓሣ ሀብት ነው። ሥራ ሲጠፋ መራዊ መጥቼ አንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ገባሁ። እንደማንኛውም አባል ጀልባ ደረሰኝ፤ ግን አንድም ቀን አልቀዘፍኩባትም። ሊቀመንበራችን አያ ታከለ «ሴት ውሃ ላይ ከወጣች ዓሣው ይሸሻል» ብሎ ጀልባዬን ለወንድሙ ልጅ ሰጠና እኔን ወፍ ጠባቂ አደረገኝ።

አትሳቁ። ዓሣ በል ወፎች የታሰረ ጀልባ ይወዳሉ። ኩሳቸው ወለሉን እንደ ሳሙና ያሙለጨልጨዋል። መረብ ላይ የተጣበቀች ዓሣ ካዩማ መረቡን በምንቃራቸው ይዘለዝሉታል። አያ ታከለ ደግሞ የሚያውቀው የማሽላ ጥበቃ ነው። ዳር ላይ ማማ አሠርቶ፣ ወንጭፍ አስይዞ ሰቀለኝ። አላፊ አግዳሚው «አንቺ፣ ማሽላው አፈራ?» እያለ ያሾፍብኛል።

የውሃ ወፍ ወንጭፍ ቶሎ ይለምዳል፤ ዞር ብሎ ይመለሳል። ስለዚህ በጀልባዎቹ ላይ ሲባጎ ከጫፍ ጫፍ ወጠርኩ። ወፎቹ ክንፋቸውን አጥፈው የሚያርፉበት ቦታ አጡ። ጀልባዎቹም ንጹሕ ሆኑ።

ትናንት ጠዋት አያ ታከለ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጠራኝ። ምስጋና መስሎኝ...

«ወፍ ከሌለ ወፍ ጠባቂ ምን ይሠራል? በይ ወደ አገርሽ ግቢ።»

«ጀልባዬስ?»

«ጀልባ ለሚቀዝፍ ነው።»

ደሜ ፈላ። ሄጄ የጀልባዬን ሲባጎና ገመድ ፈታሁ፤ ዘልዬ ገባሁና ዳሩን በመቅዘፊያ ገፋሁት።

«በሕግ አምላክ! ቁሚ!»

አያ ታከለ ነበር። በእኛ አገር ይህን ሰምቶ የሚሄድ የለም። ከሄድኩ ሕግ የናቀች እባላለሁ፤ ከተመለስኩ ጀልባዬን አጣለሁ። መቅዘፊያውን ጭኔ ላይ አጋደምኩት።

ንፋሱ ግን ጀልባዋን ወደ መሀል ይወስዳት ጀመር...

«ቁሚ ተብለሻል እኮ!»

«ቆሜያለሁ አያ ታከለ! የሚሄደው ንፋሱ ነው፤ እሱን ያስቁሙት!»

ከዳር አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ከብቶቻቸውን ውሃ ያጠጡ የነበሩት ቄስ፣ አባ ይትባረክ፣ ዱላቸውን ተክለው ተጠጉ።

«ልጅቱስ ቆማለች። አንተ ወዴት ነህ ታከለ?»

«ጀልባ ይዤ ልመልሳት ነዋ፣ አባ።»

«ሕግ የጠራ ሰው፣ ነገሩ እስኪሰማ አብሮ ይቆማል። እንዳትነቃነቅ!»

ቆመ። የእሱ ጀልባ ለጉዞ ተዘጋጅቶ ሲባጎው ተፈቷል፤ ያለፈው ቀን መረብም ዓሣ እንደተጣበቀበት ተቆልሎበታል። አንድ ወፍ አረፈ። ሌላው ተከተለ... ከዚያ መንጋው። የመረቡ ክር ጠሽ ጠሽ እያለ ሲበጠስ እኔ ድረስ ይሰማል። አያ ታከለ ካለበት ሆኖ «እሽ! እሽ!» ይላል፤ አባ ደግሞ ዓይናቸውን ከእሱ አላነሡም።

«አባ በፈጠረዎ! መረቤ አለቀ!»

«እንግዲያው ፍርዱን እናፍጥነው። ያቺ ጀልባ የማን ናት?»

አንድ ክር... ሌላ ክር...

«የሷ ናት! የሷ ናት አልኩ!»

«ሰው ሁሉ ሰምቷል?»

«ሰምተናል!» አለ ዳሩ በሙሉ።

«በል ተነሥ። አንቺም ልጄ፣ መንገድሽን ቀጥዪ።»

መቅዘፊያዬን አነሣሁ። አያ ታከለ ጋቢውን እያወናጨፈ ወደ ወፎቹ ሲሮጥ፣ «ኧረ አንቺ ልጅ! ነይ አግዢኝ!» ሲል ሰማሁት።

ይቅርታ፣ አያ ታከለ... ሥራ ላይ ነኝ።