ቬሎ ሰፊዋ ጄኔራል

በሰፈራችን ቬሎ የምትሰፋው ሴት የራሷ ስም ነበራት፤ በእሱ የሚጠራት ግን አልነበረም። ትንሹም ትልቁም "ጄኔራሏ" ነው የሚላት። ጠመንጃ ነክታ አታውቅም። እንኳን ጠመንጃ፣ መርፌ ጣቷን የወጋት ቀን አንዲት ጠብታ ደም አይታ "ወንበር! ወንበር!" የምትል ሴት ናት። ስሙ የወጣላት በሙዚቃ ሸክላዎቿ ምክንያት ነው። ከስፌት መኪናዋ በላይ ባለው መደርደሪያ፣ ከዳንቴልና ከሳቲኑ ጥቅል ጎን፣ መቶ ስልሳ ሦስት ሸክላ ደርድራለች። ሁሉም የድሮ የጦርነት ፊልሞች ሙዚቃ ነው። ዘፋኝ የሚባል የለባቸውም፤ ኦርኬስትራ ብቻ፣ ደረት የሚያንቀጠቅጥ ከበሮ ያለበት።

ሙሽራዋ ቬሎዋን ለመለካት መስታወት ፊት ስትቆም፣ ጄኔራሏ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ጠርዙን ስታስተካክል፣ ከማጫወቻው የሚወጣው ድምፅ ታንክ በደጅ የሚያልፍ ያስመስላል። "ትንሽ ለስለስ ያለ ነገር የለሽም?" ያለቻት ሙሽራ ነበረች።

"ይሄ እኮ ለስላሳው ነው" አለቻት፤ "ገና ወንዙን አልተሻገሩም።"

ለነገሩ ከእሷ ዘንድ ያሰፋች ሙሽራ በአረማመዷ ትታወቅ ነበር። ቀጥ ብላ፣ አገጯን አንስታ ሠርጉ ላይ ስትገባ፣ ባል ልታገባ ሳይሆን ከተማ ልትይዝ የመጣች ነው የምትመስለው።

ነገሩ የጀመረው በልጅነቷ ነው። እናቷ ሲኒማ ቤት ትኬት ይሸጡ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሚጠብቃት ሰው ስላልነበረ ከአዳራሹ መጋረጃ ጀርባ በርጩማ ላይ ያስቀምጧታል። የጦርነት ፊልም ለሕፃን አይፈቀድም፤ መስማትን ግን የከለከለ የለም። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደዳነ በሙዚቃው ብቻ እየገመተች አደገች። ካደገች በኋላም ፊልሞቹን አላይም አለች። "ካየኋቸው ይበላሹብኛል" ትላለች። ፖስታ ቤት የሚሠራው ባሏ ግን "ደም ፈርታ ነው" ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ሸክላ ገዝታ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ስትገባ "ሳቲን ነው" ትለዋለች። እሱም "ክብ ሳቲን ወጣ እንዴ?" ብሎ ያልፋታል።

ከሁሉ የምትወደው አንዱን ነበር። ሽፋኑ በማታነበው ቋንቋ ስለተጻፈ "የእናት ስንብት" የሚል ወረቀት ራሷ ለጥፋበታለች። መጀመሪያ አንድ የትንፋሽ መሣሪያ ብቻውን ያለቅሳል፤ ቀስ በቀስ ቫዮሊኖቹ ይከተሉታል፤ መጨረሻ ላይ ከበሮው ይመጣል። ሰባት ደቂቃ ነው። በጀመረ ቁጥር የስፌት መኪናዋን አቁማ ዓይኗን ትጠርጋለች። ታሪኩንም ታውቀዋለች፦ እናት በበረዶ ውስጥ ሄዳ ሄዳ፣ የቆሰለ ልጇን አግኝታ እቅፏ ውስጥ ትሸኘዋለች። ይህን ሰምተው ኩላቸው ጉንጫቸው ላይ የወረደ ሙሽሮች ጥቂት አይደሉም።

ታዲያ አንድ ጊዜ ከላያቸው ባለው ፎቅ ጡረታ የወጡ ወታደር ተከራዩ። ጄኔራሏን ጭንቅ ያዛት። እውነተኛውን ጦርነት ላዩ ሰው ይሄን ማሰማት ምን ዓይነት ጭካኔ ነው ብላ ሦስት ሳምንት ድምፁን ዝቅ አድርጋ ሰነበተች። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን ረሳችው። "የእናት ስንብት" ሕንጻውን ሞላው፤ ደረጃው ላይ የከዘራ ኮቴ ተሰማ።

"ይቅርታ ጋሼ፣ አሁን አጠፋዋለሁ" አለች በሩን ሳይገፉት።

"ማጥፋቱን ተዪውና ልጄ፣ ሆርኑ ትንሽ የሚንሸራተተው ሸክላው ተጭሮ ነው?"

"የቱ ሆርን?"

"ይሄ የሚያለቅሰው!"

"መለከቱን ነው?"

"ምን መለከት!" አሉ፤ አሁን ገና ተቆጡ።

ለካስ ሰውየው ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገሉት በጦሩ የሙዚቃ ባንድ ውስጥ ነው። "የተኮስኩት በትሮምቦን ብቻ ነው" አሏት። ከዚያ ወዲያ ማክሰኞ የእሳቸው ቀን ሆነ። ሴሎን "ወፍራም ቫዮሊን" ማለት እስክትተው ድረስ ብዙ ተጨቃጨቁ። የእናትየዋን ታሪክ ስትነግራቸው ግን ግንባራቸውን ቋጠሩ። "ይሄን ፊልም ያየሁት ይመስለኛል። እናት ግን ትዝ አትለኝም።"

የጄኔራሏ ትልቋ ልጅ ይህን ስትሰማ ፊልሙን ከኢንተርኔት ፈልጋ አገኘችው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግተው፣ ነጭ ሳቲን እንደ ስክሪን ግድግዳው ላይ ሰቅለው፣ ባልና ሚስቱ፣ ልጅቷና ጋሼ አራቱም ተቀመጡ። ጄኔራሏ ተኩስ በተነሣ ቁጥር ፊቷን በሻርፗ ትሸፍናለች። በመጨረሻ ሆርኑ ጀመረ።

"እማዬ ክፈቺ፣ ደም የለም" አለች ልጅቷ።

ከፈተች። እናት የለችም። በረዶም የለም። ጭቃ ውስጥ እስከ ጎማው የሰመጠ የጭነት መኪና አለ። ወታደሮች ይገፉታል፣ ይንሸራተታሉ፣ ይነሣሉ፣ ይገፉታል። የአንዱ ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ከበሮው ሲመጣ መኪናው ወጣ። በቃ።

"እናትየዋስ?" አለች።

"ከኋላ እየገፋች ይሆናላ" አለ ባሏ። ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች።

"ሃያ ዓመት ሙሉ ለጭነት መኪና ነው ያለቀስኩት?"

ያልሳቁት ጋሼ ብቻ ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። "እኔ እንዲህ ያለ መኪና ገፍቻለሁ" አሉ። "ከባንዱ ጋር ሆነን፣ መሣሪያዎቻችንን እንደጫነ፣ በዝናብ፣ አንድ ሙሉ ቀን። ስንገፋ አሥራ አንድ ነበርን። ዛሬ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ይሄን ሙዚቃ የደረሰው ሰው መኪና የገፋ ሰው መሆን አለበት።"

ጄኔራሏ አፍንጫዋን ጠረገችና "ከሆርኑ ጀምሪልኝ" አለች ልጇን። ሦስት ጊዜ አዩት። በሦስተኛው ላይ ጋሼ እያንዳንዱን ወታደር በባልደረቦቻቸው ስም ይጠሩ ጀመር፤ ጫማው የቀረውን ሲያዩማ ራሳቸውም ሳቁ።

በማግስቱ ወረቀቱን ልጣ "ጭቃ" ብላ ጻፈችበት። ሙሽሮቹም አሁን የሚሰሙት የመኪናውን ታሪክ ነው፤ ኩል መውረዱ ግን አልቀረም።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች አራት ፊልሞች በጣቶቿ መሃል አይታለች። ታላቁ የድል ሰልፍ ብላ የምትምልበት ሙዚቃ ወታደሮች ፀጉር ለመቆረጥ ሲሰለፉ የሚሰማ ሆኖ ተገኘ። ይሄን ግን አልተቀበለችም። "ዳይሬክተሩ ነው የተሳሳተው" ትላለች፤ ማንም ቢለምናት ንቅንቅ የለም።