በእሷ ስም የመጣው ክኒን

ከቢሮዬ ሲወስዱኝ የለበስኩት ጠባብ የናይለን ሱሪ ነበር። ጂንካ ላይ የምርጫ ሰሞን ነው፤ ጥፋቴም የተቃዋሚ ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ መገኘቱ ነበር። ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ሳይሆን አይቀርም፤ ግድግዳው ያንን ዓይን የሚቆጠቁጥ ሽታ አልለቀቀም። መስኮት የለውም፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ቀን ቀን በላብ ያጠምቃል። ውስጡ አንዲት ሴት ብቻ ተቀምጣለች። ባሏ የሞተባት፣ ከጂንካ አቅራቢያ ካለችው ከገዘር ከተማ የመጣች ጎመን ሻጭ ነች፤ የታሰረችው ግቢዋን ለስብሰባ ስለሰጠች ነው።

"ነይ በዚህ በኩል፣ በዚያ ያፈሳል" አለችኝና ሰሌኗን አካፈለችኝ።

ላቡና ናይለኑ ተባብረው ነው መሰለኝ፣ ብዙም ሳልቆይ ከታች ያሳክከኝ ጀመር። ቀጥሎ ማቃጠል መጣ፣ እንደ አይብ ያለ ነጭ ፈሳሽም። ያላገባሁ፣ በቤተ ክርስቲያን ኳየር የምዘምር ነኝ፤ እንዲህ ያለ ሕመም ከኃጢአት በቀር ከሌላ የሚመጣ አይመስለኝም ነበር። ስለዚህ ከመናገር መፈተግን መረጥኩ። የሁለታችንን የጀሪካን ውሃ እየጨረስኩ በልብስ ሳሙና ታጠብኩ። ባሰብኝ። ነጭ ሽንኩርት ያድናል ሲባል ሰምቼ ስለነበር ለጉንፋን ነው ብዬ በወንድሜ በኩል አስመጣሁ፣ ጨፍልቄም የሚያሳክከኝ ቦታ ላይ አደረግኩት። ያን ቀን ከንፈሬን ነክሼ አሳለፍኩት።

"ድስት ነው እንዴ የምትፈትጊው?" አለችኝ ሴትዮዋ። ለካ ዝም ብላ ስታየኝ ኖራለች።

ነገርኳት። አልደነገጠችም።

"እኔም እርጉዝ ሆኜ ይዞኝ ያውቃል። ሳሙናውን ተዪው፣ ሽንኩርቱንም ጣዪ። ይሄን ሱሪ ደግሞ አውልቂ።"

ሰፊ የጥጥ ቀሚሷን አውልቃ ሰጠችኝና እሷ ነጠላዋን አገልድማ ተቀመጠች። በንጹህ ውሃ ከላይ ከላይ ብቻ መታጠብ፣ አድርቆ መተው፣ ሲተኙ የውስጥ ልብስ አለማድረግ፤ ሕክምናዬ ይኸው ነበር። ማቃጠሉ ቀለለኝ፣ ማሳከኩ ግን አልለቀቀኝም።

"ይሄ ክኒን ይፈልጋል። ጠባቂውን ጠይቂ" አለችኝ።

"አልችልም፣ እትዬ። አብሮኝ ነው የሚዘምረው።"

 ተነስታ በሩን አንኳኳች።

"ወንድሜ፣ እኔ አሞኛል። የሴት ሕመም ነው፣ ከታች ያሳክከኛል። የሚገባ ክኒን አለ፤ ለቤተሰቦቼ ንገርልኝ።"

ማስቆም እችል ነበር። "የእኔ ነው" ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉት የእኔን ዓይነቱን አይደለም። ዝም አልኩ፤ ይባስ ብሎ ውስጤ እፎይ አለ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ያ እፎይታ ነው።

እስረኛ ሲታመም መድኃኒት የሚገዛለት ስንቅ የሚያመጣለት ሰው ነው። የእሷን ስንቅ ከገዘር በሚኒባስ የምታመጣው የሟች ባሏ እህት ነበረች። ጠባቂው በር ላይ፣ ስንቅ ይዞ በተሰለፈው ሰው ሁሉ ፊት፣ "ለማዘር ከታች የሚገባ ክኒን ግዙላት" አለ። ክኒኑ መጣ። ለእኔ ሰጠችኝ፣ ተጠቀምኩበት፣ ዳንኩ። የባሏ እህት ግን ከዚያ በኋላ አልመጣችም። መበለት ሴት ምን ስትሠራ እንዲህ ያለ ሕመም ያዛት ተብሎ ነበር።

"ማዘር፣ ዛሬም ስንቅ የለሽም" አለ ጠባቂው በሩን ከፍቶ። ፈገግ ብሏል። "ምነው፣ ዘመድ ተቀየመ?"

እሷ የነጠላዋን ጫፍ ታስተካክላለች። ተነሳሁ። 

"ክኒኑ የእኔ ነው" አልኩት። "የታመምኩት እኔ ነኝ። ይሄንንም በር ላይ ጮክ ብለህ ንገርልኝ።"

ቀና ብሎ አላየኝም፤ በሩን ዘጋው። እንዳልነገረልኝ የገባኝ ቆይቶ ነው። ወንድሜ ያመጣውን ምግብ ለሁለት በላን። "ጨው አንሶታል" አለች እንጂ ሌላ ነገር አላነሳችም።

ከተፈታን ዓመታት አልፈዋል። ያ ሕመም ወንድ የማታውቀውንም ሴት እንደሚይዝ በኋላ ሐኪም ነግሮኛል፤ የገዘር ወሬ ግን ሐኪም አልጠየቀም። ሌሎቹ ሴቶች አጠገባቸው እንዳትሸጥ ብለው የጎመን መደቧን ወደ ገበያው ዳር ገፍተውታል። በቅርቡ ገዘር ሄጄ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ጸሎት ላይ ቆሜ እውነቱን ልናገር አልኳት።

ጎመን እያሰረች ሳቀች።

"ልጄ፣ ብትነግሪያቸው አንቺን ይጨምሩሻል እንጂ እኔን አይቀንሱኝም።"

እንግዲያስ ልጨመር ብዬ እሑድ ዕለት ቆሜ ተናገርኩ። እንዳለችውም ሆነ። ከጸሎቱ ስንወጣ ከእኛ ጋር የሄደ ሰው አልነበረም። እሷ ግን ብቻዋን አልሄደችም።